በባሕር ወለል ላይ ልጃቸውን ያቆሙት የአቶ ዘሩ ክንፈሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ዘሩ ክንፈሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ክንፈሚካኤል በላቸውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስመኝ ተድላ፣ ከቡሬ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኘው በሾላ ሜዳ ማርያም ደብር፣ ሰኔ 21 ቀን 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አራሽ፣ እርሻ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የድንጋይ ግንበኛ ነበሩ። እናታቸው የአዊ ተወላጅ ሆነው አማርኛውንም አገውኛውንም አሳምረው ይናገሩ ነበር፤ ዝምታቸው ግን ከሁለቱም ቋንቋ ይበልጥ እንደነበር የሚያውቋቸው ይመሰክራሉ።

ዘሩ በልጅነታቸው ከፈጣም ወንዝ ዳር ጭቃ እያመጡ በሬና በግ ያበጁ ነበር። በሬ ሲያበጁ ማንም አይቆጣቸውም። ሰው ያበጁ ዕለት ግን እናታቸው ጎረቤት ሳያይ በመዳፋቸው ጨፍልቀው ጭቃውን ወደ ጭቃነቱ ይመልሱት ነበር። በአገራችን ጭቃ የለመደ እጅ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ባለእጁም ልጅ ሲያድግ ማን ሴት ልጁን እንደሚከለክለው እዚህ የተሰበሰበ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጭቃውን ተዉና ትምህርት ቤት ገቡ።

አንደኛ ደረጃን በቡሬ፣ ሁለተኛ ደረጃን በፍኖተ ሰላም ተምረው በ1974 ዓ.ም. ጨረሱ። በዚያው ዓመት ለባሕር ኃይል ተመልምለው ወደ ምፅዋ ወረዱ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያዩት ትልቁ ውኃ በነሐሴ የሞላ ፈጣም ነበር። ሆኖም ከምልምሎቹ መካከል በትንፋሽ የሚስተካከላቸው ስላልተገኘ ጠላቂ ሆነው ሠለጠኑ። ከባሕር ሥር ሆነው የመርከብ ሆድ መጠገን፣ የተቦረቦረ የወደብ ምሰሶ በሲሚንቶ መሙላትና የሚሰጥም ሰው ማውጣት ሥራቸው ሆነ። በዘጠኝ ዓመት አገልግሎታቸው ሰባት ሰው ከነነፍሱ እንዳወጡ በምስክር ወረቀታቸው ላይ ተጽፏል። ወረቀቱ አለ። እንየው ያለ መሥሪያ ቤት ግን አልነበረም።

በ1980 ዓ.ም. ፈቃድ ወጥተው ከወይዘሮ እታለም ገብረሰንበት ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። በነሐሴ 1981 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው ገነነ ተወለደ። አባቱ በዚያን ጊዜ ባሕር ላይ ነበሩ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅም አሰብ ነበሩ። ባልደረቦቻቸው በመርከብ ወደ የመን ሲሻገሩ ለእርሳቸውም ቦታ ተይዞላቸው ነበር። «ገና ያላየሁት ልጅ አለኝ» ብለው ከመርከቡ ወረዱ። መንገድ ላይ ተይዘው ስድስት ወር በካምፕ ከቆዩ በኋላ ጥር 1984 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ልጃቸው ወደሚኖሩበት ፍኖተ ሰላም ገቡ። ገነነ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር፤ የማያውቀው ሰው ሲገባ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ። እስኪወጣ ድረስ አባትየው ከመደቡ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ሁለተኛ ልጃቸው ያምሮት በ1986 ዓ.ም. ተወለደች።

የደርግ ወታደር ተብለው ስለነበር በመንግሥት ሥራ የሚቀጥራቸው አላገኙም። የአባታቸውን ሙያ ይዘው ግንበኛ ሆኑ። ከእኛ ብዙዎቻችን የምንወጣው ደረጃና የምንቀመጥበት በረንዳ የእርሳቸው እጅ ሥራ ነው። ወይዘሮ እታለም በበኩላቸው ከቡሬና ከአካባቢው በርበሬ እያመጡ በገበያ ይሸጡ ነበር። ቤታቸው ሰፊ ባይሆንም ሰላም ነበረው።

ገነነ ሰባት ዓመት ሲሞላው አባቱ በላህ ወንዝ ዋና ያስተምሩት ጀመር። በአገራችን አባት ለልጁ እርፍ መጨበጥ እንጂ ዋና ማስተማር ስላልተለመደ የሰፈሩ ሰው «ዘሩ ልጁን ዓሣ ሊያደርገው ነው» እያለ ይስቅ ነበር። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ከአባቱ እኩል ይጠልቅ ነበር። አቶ ዘሩ በዚያ ኩራታቸውን አልደበቁም።

በ1989 ዓ.ም. በተደረገው የመሬት ሽግሽግ የአቶ ዘሩ አባት ቀድሞ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበሩ «ቢሮክራት»፣ ማለትም የደርግ ሹም ተባሉ። ከዘጠኝ ቃዳ መሬታቸው አራቱ ብቻ ቀረላቸው። አዛውንቱ ስብሰባው ላይ ቆመው «ማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገኝ ፊደል ስለቆጠርኩ ነው፤ ልጆቻችሁን ፊደል አታስቆጥሩ በሉ እንግዲህ» አሉ። በዓመቱ ሞቱ። የቀረችው መሬት ለታናናሾቹ ልጆች ስትከፋፈል ለገነነ የሚደርሰው የአንድ በሬ መቆሚያ እንኳ አልነበረም። አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ነጥብ አልመጣለትም። ከጓደኞቹ ጋር በማኅበር ተደራጅቶ ሥራ ጠየቀ፤ ስሙ ከዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ወጣ። ለምን እንደወጣ የነገረው የለም።

ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ገነነ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከቡሬው ልጅ ከሰይፈ ጋር ወደ ጅቡቲ ሄደ። ለእናቱ አልነገራቸውም። ለአባቱ ግን ነገራቸው፤ አቶ ዘሩም ከለከሉት። ገነነ «አባዬ፣ ሌላው ባሕሩን ፈርቶ ይቀራል፤ እኔ ምን እፈራለሁ? አንተ አስተምረኸኛል» አላቸው። በማግስቱ ሄደ።

ጥር 14 ቀን 2000 ዓ.ም. የተሳፈሩበት ጀልባ ከየመን ጠረፍ ሳይደርስ ተገለበጠ። ወሬው የደረሰው በሰኔ፣ ሰይፈ ተይዞ ሲመለስ ነው። ሰይፈ እዚሁ ፍኖተ ሰላም እነ አቶ ዘሩ ቤት መጥቶ፣ ተቀመጥ ቢሉት ሳይቀመጥ የሆነውን ተናገረ።

«ጋሼ፣ ዋና የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። እኔን ጀልባው ላይ አስይዞኝ ተመለሰ። ከዚያ ሦስት ሰዎች ያዙት። አንዷ ሴት ናት። አልገፋቸውም። ይዘውት ወረዱ።»

አቶ ዘሩ «ሰው ሲይዘው እንዴት እንደሚያስለቅቅ አላስተማርኩትም» አሉ። ጠላቂ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ይህንኑ ነው። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን አንቆ ይይዛል፤ አዳኙ መጀመሪያ ራሱን ማስለቀቅ አለበት። አቶ ዘሩ ይህን በምፅዋ ተምረው ሰባት ሰው አውጥተውበታል። በላህ ወንዝ ግን ከአባትና ከልጅ በቀር ሰው፣ የሚሰጥምም ስላልነበረ ትምህርቱ እዚያ አልደረሰም። እስኪሞቱ ድረስ ከልባቸው ያልወጣው ይህ ነበር።

ለቅሶው ፎቶግራፍ ተቀምጦ ተለቀሰ። የደብሩ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ፍትሐት አደረሱ። ወይዘሮ እታለም ግን «አፈር ያላለበስሁትን እንዴት ሞተ እላለሁ?» እያሉ ፀጉራቸውን ሳይላጩ፣ ማቅም ሳይለብሱ ቀሩ። አቶ ዘሩ ለባለቤታቸው «ፈልጌ አመጣዋለሁ» ብለው ቃል ገቡ። በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ልጃቸው በሄደበት መንገድ ሄዱ።

በማዶው ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች ባሕር የተፋውን ሬሳ ሰብስበው የቀበሩባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ዞሩ። ስም የለባቸውም፤ ድንጋይ ብቻ ነው። ቀባሪዎቹን የልጃቸውን የጥርስ አቀማመጥ፣ የግራ ቅንድቡን ጠባሳ እየነገሩ ጠየቁ። ያስታወሰ አልተገኘም። ዓመት ሙሉ እንዲህ ቆይተው ባዶ እጃቸውን መመለስ ስላፈሩ፣ በዚያ ባሕር ውስጥ ባለች አንዲት ደሴት በሲሚንቶ ሥራ ተቀጠሩ።

የቀጠረቻቸው ክላራ የምትባል ፈረንጅ ቀራፂ ነበረች። ደሴቲቱን የከበበው ኮራል፣ ሲያዩት ድንጋይ የሚመስለው ነገር ግን ሕይወት ያለው የባሕር ፍጡር፣ ከውኃው መሞቅና ከመርከብ መልሕቅ የተነሣ ግማሹ ሞቶ ነበር። ክላራ በልዩ ሲሚንቶ የሰው ሐውልት እየሠራች በስምንት ሜትር ጥልቀት ታቆማለች። ኮራሉ ሐውልቱ ላይ ይበቅላል፤ ጎብኚም እየጠለቀ ያያል። ሙዚየም ይሉታል። በር የለውም፣ ጣሪያው ውኃ ነው። አቶ ዘሩ ሲሚንቶ የሚያውቁ ጠላቂ በመሆናቸው እንደ እርሳቸው የተፈለገ ሰው በደሴቲቱ አልነበረም። በዕድሜያቸው ሁለቱም ሙያቸው በአንድ ላይ የተከበረላቸው በሰው አገር ነው።

የክላራ ዕቅድ አርባ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው የቆሙበት ነበር። ሠላሳ ዘጠኙ ከተሠሩ በኋላ አቶ ዘሩ «የመጨረሻውን እኔ ልሥራው» ብለው ለመኑ። ምክንያቱን ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ክላራ አልቅሳ ፈቀደች።

«ነገር ግን ከክቡ ውጭ ይቁም» አሏት። «እጁ ነፃ ይሁን። ማንም እንዳይዘው።»

የገነነን መልክ ያለ ፎቶግራፍ፣ በእጃቸው ትዝታ ብቻ አወጡት። ልጅ ሳሉ እናታቸው ይጨፈልቁባቸው የነበረው ያ ሥራ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈርስ ደረቀ። ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቅ ወጣት ነው፤ አገጩን ቀና አድርጓል፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ኅዳር 2003 ዓ.ም. ራሳቸው ይዘውት ወርደው ራሳቸው አቆሙት። የሙዚየሙ ሰዎች በመጽሔታቸው «መንገደኛው» የሚል ስም አወጡለት። ገነነ የሚል የትም አልተጻፈም።

አቶ ዘሩ ከዚያ በኋላ ሐውልቶቹን እየጠለቁ የሚጠብቁ ሠራተኛ ሆኑ። በየጠዋቱ ወርደው የልጃቸውን ፊት በብሩሽ ያጸዱ ነበር። በስምንተኛው ወር ክላራ የሠላሳ ዘጠኙ ፊት አረንጓዴና ቀይ ሲለብስ የአንዱ ብቻ ንጹሕ መሆኑን አየች። ጠርታ አነጋገረቻቸው።

«ዘሩ፣ ካጸዱት ምንም አይበቅልበትም። እዚያ የቆመው እኮ እንዲበቅልበት ነው።»

«የሌሎቹ ይብቀል» አሏት። «እዚያ ሠላሳ ዘጠኝ አለሽ።»

ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀቻቸው። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሙዚየሙም የእርሷ ብቻ አልነበረም። በመጨረሻ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጠላቂነት አስወጥተው የመሬት ሥራ ሰጧቸው። አቶ ዘሩ ሐውልቱን አውጥተው ወደ አገራቸው ይዘው ለመሄድ ጠየቁ፤ የሙዚየሙ ንብረት ነው ተባሉ። ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. አንድ ፎቶግራፍ ይዘው ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለሱ።

አንዳንድ ዘመዶች የሚቀጥለው ክፍል በዛሬው ቀን ባይነበብ ይሻላል ብለው መክረው ነበር። ይህን ታሪክ ያዘጋጀችው ልጃቸው ያምሮት ግን ይነበብ ብላለች።

ወይዘሮ እታለም ፎቶግራፉን ተቀብለው ሰማያዊ ውኃ ውስጥ የቆመውን ልጃቸውን አዩ። አላለቀሱም። «ፈልጌ አመጣዋለሁ ብለው ሄዱ» አሉ፤ «ሠርተው ጥለውት መጡ።» ፎቶግራፉን መለሱላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት ምግባቸውን አቀረቡላቸው፣ ልብሳቸውን አጠቡላቸው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ግን አንድ ቃል አልጨመሩላቸውም።

አቶ ዘሩ በ2006 ዓ.ም. በግቢያቸው ሌላ ሐውልት ሠሩ፤ ያው ገነነ ነው። በደብሩ ቅጥር፣ ፍትሐቱ በተደረገበት ቦታ ለማቆም የሰበካ ጉባኤውን ጠየቁ። «ጋሽ ዘሩ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል እንጂ ቅርጽ አይቆምም፤ ደግሞስ አፅም በሌለበት ምን ሊጠብቅ ነው?» ተባሉ። አልተከራከሩም። ሥርዓት መሆኑን ያውቁ ነበር። ከዚያ ወጥተው በሰፈራቸው አደባባይ ለማቆም ከመንግሥት ቢሮ ፈቃድ ጠየቁ። እዚያ ደስ ብሏቸው ተቀበሏቸው። ምርቃት እንዲደረግ፣ የትምህርት ቤት ተማሪዎች እንዲሰለፉም ታሰበ። የቢሮው ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ከሐውልቱ ሥር «በሕገ ወጥ ደላላ ተታልሎ የጠፋ ወጣት፤ ከእርሱ እንማር» የሚል ጽሑፍ እንዲቀረጽ።

አቶ ዘሩ «ልጄ አልተታለለም» አሉ።

ኃላፊው «ታዲያ ምን ሆኖ ሄደ እንበል?» አሏቸው።

«መሬት አልነበረውም፤ ሥራ አልነበረውም። ስሙን ሁለት ጊዜ ከዝርዝር አወጣችሁት። ይህንን ጻፉ፣ ነገ አቆመዋለሁ።»

ፈቃዱ ቀረ። ሐውልቱም በግቢያቸው ሸራ ለብሶ ቆመ። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ወደዚያ ግቢ መላክ አቆሙ። «ዘሩ ጣዖት ያመልካል» የሚል ወሬ ነበር፤ «ቤቱ ውስጥ የሞተ ሰው ያነጋግራል» የሚልም ነበር። ይህን ያሉት ዛሬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ድካማቸውን ይቁጠርላቸው።

በ2008 ዓ.ም. አቶ ዘሩ ታመሙ። ሐኪሙ ሳንባቸው የሲሚንቶ ብናኝ እንደሞላው ነገራቸው። አንድ ጊዜ ተንፍሰው ከባሕር ሥር ሦስት ደቂቃ የሚቆዩት ሰው ከአልጋ እስከ በር ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያርፉ ጀመር። መጋቢት ላይ ከክላራ ለያምሮት ስልክ አንድ ምስል መጣ። ክላራ በደስታ የላከችው ነበር። ገነነ ከእግሩ እስከ ራሱ ኮራል ለብሷል፤ ትከሻው ላይ እንደ ቁጥቋጦ ያለ ቀይ ነገር በቅሏል፤ በብብቱ ውስጥ ትናንሽ ዓሣዎች ይወጣሉ ይገባሉ። ኮራሉ ከሁሉ ይልቅ በእርሱ ላይ እንደደመቀ ጽፋለች።

አቶ ዘሩ ስልኩን ይዘው ብዙ አዩት። «ባሕሩ ያዘው» አሉ።

በዚያን ሰዓት ነው ወይዘሮ እታለም ከጓዳ ወጥተው አጠገባቸው የተቀመጡት። «ዓይኑ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ዘሩ በጣታቸው አሳዩአቸው። «አፉስ?» አሉ። አፉንም አሳዩአቸው። ቅንድቡን ሳይጠየቁ ጨመሩ። ወይዘሮ እታለም ልጃቸው በሞተ በስምንት ዓመቱ ያን ዕለት አለቀሱ፤ ፀጉራቸውንም በማግስቱ ተላጩ። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ ይነጋገሩ ነበር። የቀራቸው ጊዜ ስምንት ወር ብቻ ነበር፤ ሦስቱ የጠፉት ዓመታት ግን የሚመለሱ አልነበሩም፤ ሁለቱም ያውቁት ነበር።

አቶ ዘሩ በመጨረሻው ሳምንት ያምሮትን ጠርተው አንድ ነገር አዘዟት። «በመቃብሬ መስቀል ላይ ከስሜ ሥር የገነነን ስም ጻፊ። የጠየቅሁት ስም ነው፣ ቅርጽ አይደለም። ይህን አይከለክሉም።» የሰበካ ጉባኤው አልከለከለም፤ ባለፈው ቅዳሜ ፈቅዷል።

አቶ ዘሩ ክንፈሚካኤል በቤታቸውና በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ወይዘሮ እታለም ገብረሰንበትን፣ በቡሬ መምህርት የሆነችውን ልጃቸውን ያምሮት ዘሩን፣ ወንድማቸውን አቶ ተስፋው ክንፈሚካኤልንና እህታቸውን ወይዘሮ ቻይነሽ ክንፈሚካኤልን በሐዘን ትተዋል። ሰይፈም ከቀብሩ ጉድጓድ ቆፋሪዎች አንዱ ነው።

ዛሬ በአንድ መስቀል ሥር ሁለት ስም እናነባለን፤ ከሁለቱ እዚህ ያለው አንዱ ብቻ ነው። በየብስና በባሕር የተበተነውን የሚሰበስብ አምላክ አባትና ልጅን በአንድ ደጃፍ ያገናኝልን። አፈሩ ለአባት፣ ውኃው ለልጅ ይቅለል።